ሁለት ሰዓት የሚባለው መንገድ

 

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን የቀራችሁ ሁሉ ከ60ኛው አያ ጀምሮ አንድ መንገደኛ አግኝታችኋል። ሙሳ (ዐ.ሰ) እሳቸው የማያውቁት ዕውቀት የተሰጠው የአላህ ባሪያ እንዳለ ሲነገራቸው፣ እሱን ፍለጋ ከወጣቱ ባልደረባቸው ጋር ተነሱ። ስንት ቀን እንደሚያስኬድ አልተነገራቸውም። የተሰጣቸው ምልክት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ባሕሮች የሚገናኙበት፣ ለስንቅ የያዙት ዓሣ የሚጠፋበት ቦታ። እዚያ ሳይደርሱ፣ ዘመን ቢፈጅም እንኳ፣ እንደማያቆሙ ተናገሩ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናልፋት ነገር አለች። ሙሳ (ዐ.ሰ) ድካም የተሰማቸው የታዘዙበትን ቦታ ካለፉ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አልደከሙም። መድረሻቸውን አልፈው ሲሄዱ ግን ምሳ ጠየቁ፣ ጉዞው እንዳደከማቸው ተናገሩ፣ ከዚያም ዱካቸውን ተከትለው ወደ ኋላ ተመለሱ።

እኛ ዛሬ መንገድ የምንጠይቀው ስልካችንን ነው። ሞክሩት። ከመካነ ሰላም እስከ ጅዳ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። ርቀቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የበረራው ጊዜ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው ይላችኋል።

መካነ ሰላም ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ መሳቁ አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ከተማችን በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ "ኤም ኬ ኤስ" የምትባል የራሷ መለያ አላት። ግን መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም። ታዲያ ሁለት ሰዓቱ ከየት መጣ? ከሒሳብ ነው። ማሽኑ የሁለቱን ቦታዎች መገኛ ይወስዳል፣ በምድር ሉል ላይ አጭሩን መስመር ያሰምራል፣ ርዝመቱን ለአንድ ጄት አማካይ ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ያካፍላል፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምራል። አለቀ። አውሮፕላን ይኑር አይኑር፣ ትኬት ይሸጥ አይሸጥ፣ ድንበር ላይ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ የተጠየቀውን መልሷል።

እውነተኛውን መንገድ የቦረናና የሳይንት ሰው ያውቀዋል። መካነ ሰላምና አዲስ አበባ በአየር ቢለኩ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞሉም። በደሴ በኩል ለሚሄድ ግን በአቀስታና በጉጉፍቱ አድርጎ ደሴ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ ሸለቆ አለ። ማዶ ያለው የጎጆ ጭስ ይታያል፤ ወርዶ ተሻግሮ ለመውጣት ግን ጠንካራ እግርና ሙሉ ቀን ይጠይቃል። አገራችን "ቅርብ" የሚባለውን ቃል የምታስተምረን እንዲህ ነው።

ቀጥታው መስመር ግን ከንቱ ነው አላልኩም። እኛ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ እንቆምበታለን። ከመካነ ሰላም እስከ መካ ያለው አጭሩ መስመር 1,190 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አቅጣጫው ሰሜን ሆኖ በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ይህ ቂብላችን ነው። አውሮፕላን የሚለካበትና ሰጋጅ ፊቱን የሚያዞርበት መስመር አንድ ነው። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ከሺህ ዓመት በፊት የከተሞችን መገኛና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለማስላት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ከዓላማዎቹ አንዱ የጋዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። (ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ሒሳብ የሉል ትሪጎኖሜትሪ ተብሎ ሲመጣ ግማሹ ክፍል ይሸሽ ነበር። መድረሳ ውስጥ ግን የሶላት መስፈርት ስለሆነ ማንም አይሸሽም!)

ፊትን ለማዞር መስመሩ ይበቃል። እግር ሲነሳ ግን ሸሪዓችን መለኪያውን ይቀይራል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህን ነው።

አንድ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ግቢ ተማሪ በውስጥ መስመር ጠይቆኝ ነበር። ከግቢው እስከ ቤተሰቦቹ ቀበሌ በስልኩ ካርታ ቀጥታ ሲለካው 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው የሚሄድበት መንገድ ግን 110 ይሆናል። "ኡስታዝ፣ ዙህርን ባሳጥር ይሆንልኛል? ሙሳፊር የምባለው በየትኛው ነው?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዓሊሞች በጉዞ ርቀት ላይ ያላቸው ልዩነት የታወቀ ነው። ሻፊዒዮችና አብዛኞቹ አሥራ ስድስት ፈርሰኽ ብለዋል፤ በዘመናችን ልኬት ከ80 እስከ 89 ኪሎ ሜትር ያደርጉታል። ሐነፊዮች በሦስት ቀን ጉዞ ይለኩታል። ግን ሁለቱም የሚቆጥሩት የሚሄድበትን መንገድ ነው። ወደ አንድ ቦታ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ካሉ፣ አንዱ አጭር ሌላው ረጅም ቢሆን፣ ሐነፊዮች የያዝከውን መንገድ ተመልከት ይላሉ። ሻፊዒዮች ደግሞ ረጅሙን የያዝከው በምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ አጭሩ አስፈሪ ወይም አስቸጋሪ ስለሆነ ከሆነ፣ ታሳጥራለህ፤ ሶላት ለማሳጠር ብቻ ብለህ ከዞርክ ግን አታሳጥርም ይላሉ። ምክንያቱን አስተውሉ። ስለ ርቀት ሲጠየቁ የመንገዱን ደህንነት ጥያቄው ውስጥ አስገቡት። ተማሪውንም የምትሄድበት 110ው ነው፣ አሳጥር አልኩት።

ስለ ሰዓትስ? ኢማሙ ነወዊ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በ676 ዓመተ ሂጅራ ነው ያረፉት። "ሚንሃጅ" የተሰኘውን ኪታባቸውን የወሎ ደረሳዎች እስከ ዛሬ ይቀሩታል። እዚያ ውስጥ ባሕር እንደ የብስ እንደሚቆጠር፣ መርከቡ ያን ሁሉ ማይል በአንድ ሰዓት ቢቆርጠው እንኳ ተጓዡ ሶላቱን እንደሚያሳጥር አስቀምጠዋል። በዚያ ዘመን ያን ርቀት በሰዓት የሚቆርጥ መርከብ አልነበረም። እሳቸው ግን ፍጥነት ርቀትን እንደማያጠፋው አስቀድመው ተናገሩ። ከቦሌ ተነስተህ ከሁለት ሰዓት ጥቂት አልፎ ጅዳ ብታርፍም መንገደኛ ነህ። እናትህ ከአንተ የምትርቀው በሰዓቱ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ከበደው እንግባ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 97ኛ አያ ሐጅን ግዴታ ሲያደርግ መንገዱን ከመቻል ጋር አያይዞታል። ዓሊሞች "መቻል" የሚለውን ሲያብራሩ ስንቅና መጓጓዣ አሉ፤ የመንገድ ሰላምም አሉ። ገንዘቡ ሞልቶ፣ ጤናው ተሟልቶ፣ መንገዱ ላይ ግን ሕይወቱን ወይም ገንዘቡን የሚቀማ ካለና ሌላ መንገድ ከሌለው ሊሄድ አይገደድም። ኢማሙ ነወዊ እዚያው ኪታባቸው ውስጥ ስለ ባሕር ጉዞ ሲናገሩ፣ ሰላም ማመዘኑ ከታየ ሐጀኛው ይሳፈር፣ ካልሆነ ግዴታ የለበትም ብለዋል። ጥፋት ካመዘነ ደግሞ መሳፈሩ ራሱ ሐራም እንደሚሆን የመዝሀቡ ዓሊሞች ያስተምራሉ። ልብ በሉ፤ የምንናገረው ከአምስቱ የኢስላም ማዕዘናት ስለ አንዱ ነው። ከዕባን ለማየት እንኳ የማይፈቀድ መንገድ አለ። ታዲያ ለሥራ ሲሆን ይፈቀዳል?

ይህን የምጽፈው ከከላላ እስከ ተንታ፣ ከወግዲ እስከ ለጋምቦ "ዐረብ አገር ቅርብ ነው" የሚል ደላላ ስለሚዞር ነው። ደላላ የሚሸጠው ቀጥታውን መስመር ነው። ካርታውን በስልኩ ይከፍታል፣ እዚህ ወሎ፣ እዚህ ሳዑዲ፣ መሐሉ አንድ ጣት ይላል። ባቡል መንደብን ያሳያል፤ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ትንሽ ራቅ ቢል ነው! የስሙን ትርጉም ግን አይነግርህም። ዐረብኛ የቀራ ያውቀዋል፤ የዋይታ፣ የእንባ በር ነው።

ልጁ የሚሄድበት መንገድ እንዲህ ነው። ወደ አፋር ይወርዳል። ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ይገባል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሆነው በዓሳል ሐይቅ አካባቢ፣ ጥላ በሌለበት፣ ብዙውን በእግሩ ይሄዳል። ታጁራ፣ ከዚያ ኦቦክ። እዚያ ጀልባ እስኪሞላ ይጠብቃል። ከተሻገረ በኋላ ጦርነት ያለበት የመን ይጠብቀዋል። እዚያ ይዘው ቤተሰቡን በስልክ የሚያስለቅሱና ገንዘብ የሚያስልኩ አሉ፤ በሬ የተሸጠው፣ መሬት የተያዘው ለዚህ ነው። ከዚያ እስከ ሰዓዳ ተራሮች፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት በዚያ ድንበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በድንበር ጠባቂዎች እንደተገደሉ ጽፏል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። በመስከረም 2017 ከየመን ወደ ጅቡቲ ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ኦቦክ አጠገብ ቢያንስ 45 ሰዎችን ለባሕር ዳረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማለቂያ ላይ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን የያዘ ጀልባ የመን ውስጥ አብየን ዳርቻ ሰጠመ፤ ወዲያውኑ ከወጡት አስከሬኖች ብቻ ቢያንስ 68 ተቆጠሩ። በየትኛውም ስልክ ላይ የዚህ መንገድ ሰዓት አይወጣም።

ሥራ ፍለጋ መሄድ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ ምድርን እንደገራልንና በየአቅጣጫዋ ሄደን ሲሳዩን እንድንበላ ነግሮናል። የመካነ ሰላም ወጣት ሥራ አጥቶ ሲቀመጥ የሚሰማውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ኮንትራት ፈርማ በቦሌ የወጣች እህት የስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሰችም አውቃለሁ። የእሷ በረራ ሁለት ሰዓት ነው። ጉዞዋ ግን ከዚያ በፊት በፓስፖርቱ፣ በሥልጠናው፣ በጤና ምርመራው፣ በኮንትራቱ ወራት የፈጀ ነው፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ሰው ቤት አለ። ይህንንም አስልቶ የሚሄድ ይሂድ። እኔ የምለው መንገዱን ጠይቁ ነው። ፓስፖርቴን ማን ይይዘዋል? በረሃው ላይ ውኃ ማን ይሰጠኛል? ብታመም ማን ይነግርልኛል? ደላላው ለእነዚህ "አታስብ፣ ሰው አለ" ብሎ ከመለሰ፣ ያ ሰው ማነው በሉት።

ለእናቱ ሳይነግር በሌሊት የሚወጣ ወንድሜም ይህን ይስማኝ። አንድ ሰው ወላጆቹን እያለቀሱ ትቶ ለሂጅራ ቃል ሊገባ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ተመለስና እንዳስለቀስካቸው አስቃቸው ብለው መለሱት። አቡ ዳውድና ነሳኢ ዘግበውታል። የመጣው ወደ እሳቸው ነበር፤ የመጣውም ለሂጅራ ነበር።

ስለ ሂጅራ ከተነሳ አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ሳላነሳ አላልፍም። ያው ባሕር ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ። ሶሓቦቹ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) "ቅርብ ነው" አላሏቸውም። የነገሯቸው ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ነው። እንደ ሙሳ (ዐ.ሰ) ሁሉ ለእነሱም የተሰጣቸው ምልክት ነበር። አስማእ ከባሏ ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር እዚህ ምድር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ኖራ፣ ልጆች ወልዳ፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ መዲና ገባች። አንድ ቀን ሐፍሳ ቤት ሳለች ዑመር (ረ.ዐ) ገቡና፣ እኛ በሂጅራ ቀደምናችሁ፣ ከእናንተ ይልቅ ለአላህ መልእክተኛ የቀረብን ነን አሉ። አስማእ ተቆጣች። እናንተ እኮ ከእሳቸው ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ያበሉ ነበር፣ ያላወቀውን ያስተምሩ ነበር፤ እኛ ግን ሩቅ አገር፣ ባዕድ ምድር ላይ ነበርን፣ ይህም ለአላህና ለመልእክተኛው ስንል ነው ስትል መለሰች። ይህን ለረሱል ሳልነግር አልበላም አልጠጣም ብላም ማለች።

የአስማእን መለኪያ ተመልከቱ። ቀን አልቆጠረችም፣ ማይል አልቆጠረችም። ሲርባት ማን አጠገቧ እንዳልነበረ ነው የቆጠረችው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገራቸው ዑመር ከእናንተ የበለጠ መብት የለውም፣ ለእሱና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ አላቸው፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አሏችሁ ብለው ፈረዱላት። ከዚያ በኋላ የመርከቧ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ያንን ንግግር ይጠይቋት ነበር። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ከየመን ተነስቶ ነፋስ መርከቡን ሐበሻ ምድር የጣለበት ሰው ነው፤ እሱማ ደጋግሞ ድገሚልኝ ይላት ነበር።

ከነጃሺ ጋር የተያያዘ ሌላም ርቀት አለ። መቃብሩ እንዳለበት ከሚነገረው ከነጋሽ እስከ መዲና በቀጥታ 1,170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመካነ ሰላም እስከ መካ ካለው ጋር ይቀራረባል። ነጃሺ በሞተበት ቀን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መሞቱን ለሶሓቦቹ ነገሯቸው፣ ወደ መስገጃው ወጥተው አሰለፏቸው፣ አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱበት። በሩቅ በሞተ ሰው ላይ የሚሰገደውን ሶላተል ጋኢብ ሻፊዒዮች የያዙት ከዚህ ነው። ሐነፊዮች ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነው ይላሉ።

በእኛ ደጋ ግን ሻፊዒዩም ሐነፊዩም ሊሰግዱባቸው ያልቻሉ ልጆች አሉ። ከኦቦክ "ዛሬ ማታ እንሻገራለን" ብለው ደውለው ስልካቸው የጠፋ ናቸው። ፊቅሁ ይህን ሰው "መፍቁድ" ይለዋል፣ የጠፋ ማለት ነው። ማስረጃ ካልተገኘ ወይም ቃዲ ካልፈረደ በስተቀር እንደ ሞተ አይቆጠርም። ንብረቱ አይከፋፈልም። ሚስቱ ወይ ባለ ባል አይደለችም፣ ወይ ባሏ የሞተባት አይደለችም። እናቱ ለቅሶ አትቀመጥም፤ በሐምሌም በጥርም ስልኳን በትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። ሰው በሀዋላ ገንዘብ ሲቀበል ባየች ቁጥር የእሷንም ልጅ አይተኸው ይሆን ብላ ትጠይቃለች። ዛሬ ከዐስር በኋላ ያለችው የዱዓ ሰዓት እንዳታመልጣችሁ፤ ለእነዚህ እናቶች አድርጉላቸው።

ያ አላህ፣ በባሕርና በበረሃ ያሉትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ጠብቃቸው። የጠፉትን ወሬያቸውን አሰማን። በሰው ቤት ያሉትን በክብር መልሳቸው። ለቀሩት በአገራቸው ሪዝቃቸውን ክፈትላቸው። ኣሚን።